የበክት ሐኪሙ

የዶክተር ቢያድግልኝን ሞት የሰማሁት ጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ግማሽ ጢሜ ተላጭቷል፤ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠፍሩ ላይ እያፋጨ፣ «ያ የበክት ሐኪም አረፈ አሉ» አለኝ፤ ስለ ዝናብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ብድግ አልኩ። «ምነው ጋሼ፣ ሳልጨርስ?» እያለ ሲጠራኝ በፎጣው ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ። የጎንደርን ፒያሳ ሳቋርጥ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም ግማሽ ጢሜን እያየ ሳቀ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አልተጨነቅኩም። ይህ ጠባይ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ኖሮኝ ቢሆን ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ዶክተር ቢያድግልኝ የጭልጋ ሰው ናቸው። ባሕር ማዶ ተምረው የእንስሳት ሐኪም ሆነው ሲመለሱ ዘመድ አዝማዱ በሬያችንን ያድናሉ፣ በቅሏችንን ያክማሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ተምረው የመጡት የሞተውን ከፍቶ ምን እንደገደለው ማወቅን ነው። እሱም የቤት እንስሳ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ገደል ሥር የወደቀ ዋልያ፣ መንገድ ዳር የተገኘ ቀበሮ፣ ከመንጋው ተለይቶ የሞተ ጭላዳ አለ ከተባሉ ምሳቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሳይታረድ የሞተ ነገር በክት ነው። ክርስቲያን እንኳን ሊበላው ሊነካውም ይጠየፋል። ጎንደር እንዲህ ያለ ሐኪም አይታ ስለማታውቅ «ከሞተ በኋላ የሚደርስ ሐኪም» እያለች ሳቀችባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

«አገሬው ራሱ ከሞቱ አሟሟቱ ይል የለም እንዴ? እኔ የተቀጠርኩት ለአሟሟቱ ነው» ይሉ ነበር።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። የቄስ ልጅ ነኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ፣ ትንሽ ቆሎ ለምኜ፣ ትንሽ በውሻ ተነክሼ፣ በመጨረሻ የመንግሥት ደሞዝ ይሻላል ብዬ ወደ ጽሕፈት መኪና የተሰደድኩ ሰው ነኝ። ዶክተሩ ይህን ስለሚያውቁ በስሜ በይርጋ ጠርተውኝ አያውቁም። «መሪጌታ» ነበር የሚሉኝ። እሳቸው ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ይሠራሉ። እኔ ሽታው እንዳይደርስብኝ በነፋሱ መምጫ በኩል ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ደብተሬን ይዤ እቆማለሁ። ከዚያ ይጮሁልኛል።

«መሪጌታ፣ ጻፍ! ጉበት፣ ጠርዙ የደነደነ። ጻፍ! ሐሞት፣ ያበጠ። ጻፍ! ልብ፣ ደህና። ልቡስ ደህና ነበር፣ ምስኪን።»

በመጀመሪያው ቀን «ምስኪን» የሚለውንም ጻፍኩት። ቢሮ ገብቼ በታይፕ መትቼ ስሰጣቸው አንብበው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሰርዘዋለሁ ብል «ተው፣ እውነት ነው» ብለው እንዳለ አስቀሩት። ያ ወረቀት ዛሬም ከማኅደሩ ውስጥ ይኖራል።

አንድ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። የሞተ የዱር አውሬ በተገኘ ቁጥር ቦታውን፣ ወራቱን፣ ሲከፍቱ ያዩትን ሁሉ በገዛ እጃቸው ይጽፉበታል። ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደሚደክሙ አንድ ቀን ወደ ደባርቅ ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

«ከብት ከመሞቱ በፊት ዱር ውስጥ ቀድሞ የሚሞት አለ» አሉኝ። «ለእሱ አልቃሽ የለውም፣ ስለዚህ ሞቱን የሚያይለትም የለም። እሱን ያነበበ ግን የገበሬውን በሬ ያድናል። መዝገቡ ሲሞላ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። አንተ ትመታልኛለህ።»

እውነትን በመናገር በኩል ሰውየው ርኅራኄ የላቸውም ነበር። በአንድ ወቅት አንድ ባለ ትልቅ ማዕረግ ሹም በግቢያቸው የሚያኖሩት አንበሳ ሞተና ጠባቂው መርዝ አብልቶት ነው ተብሎ ታሰረ። ዶክተሩ ተጠርተው ሄዱ። ሹሙ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ አሽከሮቹ ዙሪያውን ቆሙ። ዶክተሩ ጨጓራውን ከፍተው አንድ ስለት ያለው የአጥንት ስባሪ አወጡና በመሐረባቸው ጠርገው አሳዩ። «ጌታዬ፣ የተቀቀለ የበግ ቅልጥም ነው። ጠባቂው የሚሰጠው ጥሬ ሥጋ ነው። የተቀቀለው የሚመጣው ከእርስዎ ገበታ ነው» አሉ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ሹሙ ስባሪውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ልቀቁት» ብለው ገቡ። መኪና ውስጥ «ዶክተር፣ ትንሽ አለዘብ ቢያደርጉት ምን ነበር?» አልኳቸው።

«መሪጌታ፣ ሬሳ ይሉኝታ የለውም» አሉኝ። «እኔ ደግሞ የሬሳ አፈ ቀላጤ ነኝ።»

ለሰው ግን እንዲህ የሚጠነቀቅ አላየሁም። ሰርግ ወይም ማኅበር ሲጠሩ የራሳቸውን ብርጭቆ በኮት ኪሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። እሳቸው በጠጡበት ሌላው መጠጣቱን እንደሚጠላ ያውቃሉ። ባለቤቱ ሳይቸገር እሳቸው ቀድመው ብርጭቋቸውን አውጥተው «እዚህ ላይ ቅዱልኝ፣ የለመድኩት ነው» ይላሉ። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ምን እንደምሠራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ «ደብዳቤ እጽፋለሁ» እል ነበር። ለንስሐ አባቴም ያልኩት ይህንኑ ነው። አሁን ሳስበው፣ የበደሌ ሥሩ ከዚያ ይጀምራል።

በአንድ ግንቦት ወር፣ ገበሬው ዝናቡን ሲጠብቅ፣ አያ ተገኘ የሚባል የኮሶዬ ሰው በእግሩ ቢሯችን መጣ። ከመቀመጡ በፊት፣ «ሐኪም፣ ድኩላ እየሞተ ነው» አለ። «ከገደሉ በታች፣ ውሃው ዳር። ሦስት አየሁ። እርስዎ ይወዱታል ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። በስንት ዓመት አንድ ገበሬ ስለ በክት ብሎ ሲመጣ ያዩት የመጀመሪያው ነው። ሌላው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው።

በማግሥቱ ወረድን። ዶክተሩ ድኩላዋን ሲከፍቱ እንደ ልማዳቸው አልጮኹም። ዓይኗ በመግል ተጣብቋል። ድዷ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ቁስል አለ። አንጀቷ ውስጡ በቀይ መስመር ተሸንትሯል። ሁለተኛዋንም ከፈቱ፤ ያው ነው። ከዚያ ቀና ብለው አያ ተገኘን አዩት።

«አያ ተገኘ፣ ደስታ ነው» አሉት።

ከብት የሚፈጀውን ያን በሽታ አገሩ ደስታ ነው የሚለው። ምናልባት ስሙን አሳምረው ቢጠሩት ይራራልን ይሆናል ብለው ይሆናል። አያ ተገኘ አባቱ በዚህ በሽታ ከብቱን ሁሉ ጨርሶ እርሻ በሰው ጉልበት ሲቆፍር የሚያስታውስ ሰው ስለሆነ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

«ከብትህን እሰር» አሉት ዶክተሩ። «ወደ ወል ውሃ አታውርድ። ሳርም ውሃም ቤት ድረስ አምጣላቸው። ለጎረቤትም ንገር። እኔ ክትባት አስመጣለሁ።»

ክትባቱ ግን የሚለቀቀው ከአዲስ አበባ ነው። አለቆቹ ደግሞ የምርመራ ወረቀት ሳያዩ ጠርሙስ አይለቁም። ስለዚህ ዶክተሩ ከድኩላዋ ጣፊያና ንፍፊት ቆርጠው፣ ከሆቴል ባመጣነው በረዶ ፔርሙዝ ውስጥ አሽገው ሰጡኝ። እሳቸው መንደር ለመንደር ዞረው ገበሬውን ለማስጠንቀቅ እዚያው ቀሩ። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ከአዘዞ በሚነሣው አውሮፕላን እንድልከው ታዘዝኩ።

«መሪጌታ፣ ይህ ከቀዘቀዘ ይናገራል፣ ከሞቀ አፉን ይዘጋል» አሉኝ። «ሌላ ምንም አላዝህም።»

በማግሥቱ ከሾፌሩ ጋር ወደ አዘዞ ስንወርድ፣ ከተማው እንዳለቀ፣ መምሬ ካሳን መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። የንስሐ አባቴ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ፣ ክርስትና ያነሡኝ፣ ስዳርም ያጋቡኝ ሰው። በማግሥቱ በሚነግሠው የአዘዞ ደብር ለመቀደስ ተጠርተው ንዋየ ቅድሳት በነጭ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈዋል። እጃቸውን አነሡ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ነበረብኝ? «አባቴ፣ በክት ይዣለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ነበረብኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ መርቀውኝ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ግን «ደብዳቤ እጽፋለሁ» ያልኳቸው ሰው ነኝ። የበክት ጣፊያ በእግሬ መካከል አስቀምጬ ከንዋየ ቅድሳት ጋር አንድ መኪና ላይ መቀመጥም አስፈራኝ። ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ ፔርሙዙን ከመንገዱ ማዶ ላለች ጠላ ሻጭ ሰጠኋት። «መድኃኒት ነው፣ አደራ፣ አሁን እመለሳለሁ» አልኳት። አድርሻቸው ተመልሼ ይዤው ወደ አውሮፕላኑ እደርሳለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

አዘዞ ስንደርስ መምሬ ካሳ ጥቅሉን ተሸክሜ እንዳስገባላቸው ጠየቁኝ። ካህናቱ ደግሞ «የመምሬ ልጅ ሳይቀምስማ አይሄድም» ብለው ያዙኝ። እቸኩላለሁ ለማለት አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ አውሮፕላኑ በራሳችን ላይ እያጓራ አለፈ። መምሬ ካሳ በመዳፋቸው ፀሐዩን ከልለው ቀና ብለው አዩትና «ወይ የሰው ጥበብ!» አሉ።

የሚቀጥለው አውሮፕላን ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በረዶ ልለውጥ ሆቴል ብሄድ «ትናንት ወስዳችሁ የለ?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ወሬውም ዶክተሩ ጋር ይደርሳል ብዬ ቀረሁ። ፔርሙዙን ከጠላ ሻጯ ተቀብዬ ቤቴ ከእንስራው ጥግ አኖርኩት። በሦስተኛው ቀን ስነቀንቀው ውስጡ ውሃ ሆኖ ይንቦጫረቅ ነበር። ከዚያ ከሁሉ የከፋውን አደረግሁ። አብሮ የሚላከው ወረቀት ላይ ድኩላዋ የተከፈተችበት ቀን ተጽፏል። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ መታሁ፤ ቀኑንም፣ ትናንት የተከፈተች እንድትመስል፣ በሦስት ቀን አሳልፌ ላክሁት። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። እንዲያ ንጹሕ አድርጌ የመታሁት ወረቀት ትዝ አይለኝም።

መልሱ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። «ምንም በሽታ አልተገኘም» ይላል። ዶክተሩ ቆመው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀመጡ። «ዓይኔ ነው እንግዲህ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ይሳደብ ነበር። እሳቸው ግን ሌላውን የሚያስገድዱበትን ሕግ ለራሳቸውም ያከብሩ ነበር፤ የተመረመረ ነገር ከተገመተ ነገር ይበልጣል ብለው ያምናሉ።

በዚያው ቀን ኮሶዬ ወጣን። አያ ተገኘ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥማድ በሬዎቹንና ላሙን በረት ውስጥ አስሮ፣ ከሚስቱ ጋር ሳር እያጨደ ውሃ እየተሸከመ ኖሯል። ጎረቤቱ «ተገኘ በሬዎቹን ጫጉላ አስገባቸው» እያለ ሲስቅበት ከረመ። እየሳቁም ቢሆን ግን ግማሾቹ እሱን አይተው ከብታቸውን አስረው ነበር።

«አያ ተገኘ፣ ተሳስቻለሁ» አሉት ዶክተሩ። «ይቅርታ አድርግልኝ። ፍታቸው።»

«ምነው ሐኪም፣ ይህማ ሸጋ ወሬ አይደል!» አለ አያ ተገኘ። «ስህተትዎ እንዲህ ከሆነስ ሁልጊዜ ይሳሳቱልኝ!» እየሳቀ ወደ በረቱ ገባ።

ገመዱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጎተት ከርሞ ቋጠሮው ጠብቆ ነበር። በጥፍሩ ሞከረ፤ በጥርሱ ሞከረ፤ ሚስቱን ወረንጦ አስመጣ። እኔ በረቱ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ቋጠሮው እስኪፈታ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። «ቆይ፣ አትፍታ» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በሬዎቹ ከአጠገቤ አልፈው ወደ ወሉ ውሃ ወረዱ።

ሐምሌ ሳይገባ የኮሶዬ ከብት አለቀ። ያኔ ክትባቱ በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አገሬው በሽታውን ያመጣው ዶክተሩ በበክት ደም በነከሩት ቦቲ ነው አለ። አንዳንዱም መኪናችንን ሲያይ ድንጋይ ያነሣ ጀመር። አያ ተገኘ ግን ድንጋይ አላነሣም። አንድ ቀን ዝናብ እየመታው ቢሮ ድረስ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ሐኪም፣ ልከስዎ አይደለም የመጣሁ» አለ። «አንዲት ነገር ልጠይቅዎ ነው። አስሬ ነበርኮ። እሰር ሲሉኝ አስሬ ነበር። ምነው ፍታቸው አሉኝ?»

 እኔ ጽሕፈት መኪናው ላይ አቀርቅሬ፣ የሌለ ደብዳቤ እየመታሁ ነበር። አያ ተገኘ ትንሽ ጠብቆ፣ ጋቢውን ጨምቆ ሄደ። ከዚያ ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«መሪጌታ፣ ያ ፔርሙዝ በማግሥቱ አውሮፕላን ነው የሄደው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«በረዶውስ?»

«ነበረው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅር እንኳ አላሰኛቸውም፤ ያመኑኝ በሙሉ ልባቸው ነው። «እንግዲያ ወይ ዓይኔ ስቷል ወይ ቢላዬ ስቷል» አሉ። «ሁለቱም የእኔ ናቸው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደር የሚከብድ ሆነብኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ስል አደርኩ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስል ከረምኩ። በዓመቱ ዶክተሩ ራሳቸው አመልክተው ወደ ቄራ ተዛወሩ። ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ሰው፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሣ በታረደ ከብት ሥጋ ላይ ሰማያዊ ማኅተም የሚመታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም የዱር አውሬ አልከፈቱም። ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያ ሞቶ ተገኘ ተብሎ ሰው ሲላክባቸው «የሚያይ ሰው ፈልጉ» ብለው መልሰውታል። የመጽሐፉም ነገር በዚያው ቀረ። በበዓል ቤታቸው ስሄድ «መሪጌታ መጣ!» ብለው ተነሥተው ይቀበሉኛል። እኔም ልናገር ሄጄ በግ በልቼ እመለሳለሁ።

እንግዲህ በዚያች ቀን፣ ከጸጉር አስተካካዩ ቤት ወጥቼ፣ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ቀብሩ በማግሥቱ ስለነበር ልጃቸው ስንዱ ወረቀትና ብዕር ይዛ መጣች። «የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ይጻፉልን፣ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም» አለችኝ። «ዶክተር ቢያድግልኝ» ብዬ ጻፍኩና እጄ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ወዳሉበት ጓዳ ገባሁ። ልቅሶኞቹን ትንሽ ወጣ በሉልኝ ብዬ ለምኜ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ መምሬ ካሳ፣ ስለ ጠላ ሻጯ፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ በገዛ ጣቴ ስለለወጥኩት ወረቀት። «ዓይናቸው አልሳተም ነበር» አልኳቸው። «ትክክል ነበሩ። ከመጀመሪያው ትክክል ነበሩ።»

ወይዘሮ የሺ አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ብዙ አዩኝ።

«ምስር ስለቅም እንኳ አጠገቤ ይቀመጥና» አሉ፣ «እስቲ አንቺ እይው የሺ፣ የእኔ ዓይን አይታመንም ይለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ ዓይኑን እንዳማ ኖረ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ይርጋ፣ እሱ ሳለ?» አሉኝ።